የተቀነሱ ወራት

ሰኞ፣ ጥቅምት 23 ቀን 1991 ዓ.ም.
ቦሌ

ልጄ፣

እናትሽ በተስቦ አልሞተችም። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ለነፍስ አባቴም ቢሆን። ሃያ አራት ዓመት ሙሉ በጠየቅሽኝ ቁጥር ተስቦ ነው እያልኩሽ ኖርኩ፤ አንቺም ለጠየቀሽ ሁሉ እንደዚያው እያልሽ አደግሽ። አሁን ደግሞ ሐኪም ጠየቀሽና ያንኑ መለስሽለት። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው በዚህ ምክንያት ነው።

ሰላምታዬን ሳላስቀድም ወደዚህ በመግባቴ አትቀየሚኝ። እንደምን አለሽ? እግርሽ ጎደለልሽ? ፊትሽስ? ባልሽ ኢዮስያስ እንዴት ነው? እኔ ከጉልበቴ በቀር ምንም አልልም። ጎረቤታችን ወይዘሮ ወለተማርያም ትናንት ሳታዪያት በመሄድሽ አኩርፋለች። «ሆዷን ከኔ ለመደበቅ ነው፣ እኔ ቡዳ ነኝ እንዴ?» ስትል ዋለች፤ ሰላም በይልኝም ብላኛለች።

ትናንት ስትመጪ ገና በር ላይ ጫማሽን አውልቀሽ «እማዬ፣ እግሬ ዳቦ ሆነ እኮ!» ብለሽ ሳቅሽ። ከዚያ ምንጣፉ ላይ ቁጭ ብለሽ ፈረንጇ ቪላዋ ውስጥ ለእርጉዞች የምታስተምረውን ዮጋ አሳየሽኝ። ጓደኛሽ ሸሪፋ ዓይን ጨፍኑ በተባለበት ሰዓት እንቅልፍ ወስዷት አንኮራፍታ ክፍሉን ሁሉ እንዳሳቀች ነገርሽኝ። እኔም ሳቅሁ። ወዲያው በጀርባሽ ተንጋለልሽና እግርሽን ሶፋው ላይ ሰቀልሽ።

«እንደሱ አትተኚ» አልኩሽ።

«ለምን?»

«ዝም ብለሽ አትተኚ።»

«አይ እማዬ! ያንቺ ዘመን ሴቶች እንጨት ተሸክመው ውለው ይወልዱ ነበር፤ እኔ እግሬን ሶፋ ላይ ብሰቅል ምን ልሆን ነው? ይሄ እኮ በሳይንስ ነው» አልሽኝ።

ለምን እንደማይተኛ አውቅ ነበር። አንቺ ሳትወለጂ ጀምሮ አውቃለሁ፤ በደብተር ጽፌ አስቀምጬዋለሁ።

ፈረንጇ ስንት ወርሽ ነው ብላ ስትጠይቅሽ «ስድስት» እንዳልሻትም እየሳቅሽ ነገርሽኝ። ስምንት ገብቶሻል። ትክክለኛውን ብትነግሪያት ኖሮ በጀርባሽ እንደማታስተኛሽ እርግጠኛ ነኝ። ይህን ስልሽ «አንቺ አይደለሽ እንዴ ወርሽን ለሰው አትናገሪ፣ ዓይን ያገኝሻል ያልሽኝ?» አልሽኝ። እውነትሽን ነው። እኔ ነኝ ያልኩሽ።

ቀጥለሽ ስለ ዶክተሩ አነሣሽ። «የማይጠይቀው ነገር የለም። እናትሽ በምን ሞተች አለኝ። በተስቦ አልኩት። ጻፈና ወደሚቀጥለው አለፈ።»

ያን ጊዜ ብርጭቆ ላጥብ ብዬ ተነሥቼ ወጣሁ። የሚታጠብ ብርጭቆ አልነበረም።

ልትሄጂ ስትይ ካልሲሽ ቁርጭምጭሚትሽ ላይ የተወውን ጎድጓዳ መስመር አየሁ። የጋብቻ ቀለበትሽ አልገባ ብሎሽ በሐብል አንገትሽ ላይ አንጠልጥለሽዋል። ዓይንሽ ሥር አብጧል። ሁሉንም አየሁ፤ ጉንጭሽን ሳምኩና ሸኘሁሽ።

ዛሬ ጠዋት ከአብዱልገኒ ሱቅ ስደውልልሽ «ማታ ራሴን ሲያመኝ አደረ፣ አሁንም ይወጋኛል፤ ግን ሲብስብኝ ቀስ ብዬ ስተነፍስ ይለቀኛል። አሥር ሰዓት ላይ ደግሞ የዮጋ ክፍል አለኝ» አልሽኝ። ሐኪም ቤት ሂጂ አልኩሽ። «ቀጠሮዬ የዛሬ ሳምንት ነው፣ በናትሽ አትጨቅጭቂኝ» ብለሽ ዘጋሽው። አብዱልገኒ «ምነው እናቴ፣ ደህና አይደለችም?» ሲለኝ ደህና ናት አልኩት። ሱቁ ውስጥ ሦስት ሰው ቆሟል።

በናትሽ አልሽኝ። ሳታስቢው ነው የተናገርሽው፤ ግን ወደ ቤት እስክገባ ድረስ ቃሉ አልለቀቀኝም።

ይህን ጽፌ ገርጂ ድረስ ይዤልሽ እመጣለሁ። በቃሌ ልንገርሽ ብል ግማሹን አስቀረዋለሁ፤ ራሴን አውቀዋለሁ።

በ1966 ዓ.ም. ጋሼ ስትዪው ያደግሽው ባለቤቴ ገብረሃንስ በአውሮፕላን ማረፊያው መጋዘን ይሠራ ነበር። እኔ ማዳም ናይር የምትባል የህንድ አስተማሪ ሚስት ቤት አጸዳለሁ። ተጋብተን ስምንት ዓመት ሆኖናል፤ ልጅ የለንም። ፊደል የቆጠርኩት ለብቻዬ ነው፤ ስኳር የተጠቀለለበትን ጋዜጣ ሳልጥል እያስቀመጥኩ። በኋላም ማዳም ናይር አሮጌ መዝገበ ቃላት ሰጥታኝ እንግሊዝኛውን መነካካት ጀመርኩ።

ማዳም ናይር እርጉዝ ነበረች። ጠዋት ጠዋት በረንዳው ላይ ምንጣፍ ታነጥፍና ትዘረጋጋለች፤ ትታጠፋለች፤ እኔ ወለል ስወለውል እሷ ግድግዳ ይዛ በአንድ እግሯ ትቆማለች። መጀመሪያ እሥቅባት ነበር። አንድ ቀን፣ ስምንተኛ ወሯ ነው፣ እጄን ያዘችና ሆዷ ላይ አስቀመጠችው። የሕፃኑ ተረከዝ ከጎድን አጥንቷ ሥር መዳፌን መታኝ። ማልቀሴን እንዳታይ ጎንበስ ብዬ ወለሉን ወለወልኩ። በሐምሌ ወር ወደ አገሯ ስትመለስ ያን የምታየውን መጽሐፍ ትታልኝ ሄደች። ለነፍሰ ጡር ሴት የተጻፈ የዮጋ መጽሐፍ ነው፤ ስስ፣ ሥዕል የበዛበት፣ በየወሩ የተከፈለ። እኔም በመዝገበ ቃላት እየፈታሁ ወደ አማርኛ በደብተር መገልበጥ ያዝኩ። ለማን ብዬ እንደምገለብጠው አላውቅም ነበር።

እናትሽ ብሩክታይት ሰርቪሱን ተከራይታ ከእኛ ጋር ትኖር ነበር። ሃያ ዓመቷ ነው፤ ልብስ ትሰፋለች። ስትስቂ ራስሽን ወደ ኋላ የምትጥዪው ከሷ የወረስሽው ነው። እኔን እትዬ ትለኝ ነበር። እኔም እወዳት ነበር፤ ይህን የምለው ለማስተዛዘን አይደለም፣ እውነት ስለሆነ ነው። በነሐሴ ሆዷ ሲገፋ «አራት ወሬ ነው» አለችን። ለፋሲካ ፈቃድ የመጣ ወታደር ነው፣ ወደ ኦጋዴን ተመለሰ፣ አድራሻውንም አላውቅ አለች። አባትሽ ነው ብዬ የነገርኩሽ ያ ወታደር ነው።

ሆዷ ለአራት ወር ትልቅ ነበር። አልገረመኝም። እርጉዝ ሴት እውነተኛ ወሯን እንደማትናገር፣ አንድ ሁለቱን እንደምትቀንስ ያደግንበት ነው። ወለተማርያም ሦስቱንም ልጆቿን የወለደችው «ገና ሰባት ወሬ ነው» እንዳለች ነው። ብሩክታይትም ለዓይን ፈርታ ትንሽ ቀንሳለች ብዬ አለፍኩት።

ወገቧን ስላመማት ከደብተሬ ላይ ላስተምራት ጀመርኩ። ጠዋት እኔና እሷ ግቢው ውስጥ ሰሌን አንጥፈን እንዘረጋጋለን። ወለተማርያም በአጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ «ጾም ሳይገባ ይሄ ሁሉ ስግደት ለማን ነው?» ትለናለች። ብሩክታይትም «ለወገቤ ነው እማማ፣ ኑ አብረን እንስገድ» ስትላት፣ «የኔ ወገብ ከታጠፈ ቀበሌ ጠርታችሁ ነው የምታቃኑት» ትልና ትስቃለች። ቀበሌ ያኔ ገና አልመጣም ነበር መሰለኝ፤ ንጉሡ የወረዱበት ሰሞን ነው። ምን እንዳለች ልክ አላስታውስም። መሳቃችንን ግን አስታውሳለሁ።

ወሯን አምስት ብላኝ ስለነበር የአምስተኛውን ወር ገጽ አሠራኋት። በዚያ ገጽ ላይ በጀርባ መተኛት አለ፤ እግርን ግድግዳ ላይ መስቀል አለ። ከዚያ በኋላ ላሉት ወራት ግን መጽሐፉ አይፈቅድም፤ ሕፃኑ ሲከብድ ወደ ልብ የሚመለሰውን ትልቁን የደም ሥር ይጫነዋል ይላል። ብሩክታይት በተኛች ቁጥር «እትዬ፣ ዓይኔ ጨለመብኝ» ትለኝ ነበር። እኔም ደብተሬን እያሳየሁ «ለአምስት ወር የተጻፈ ነው፣ ምንም አይልሽም» እላታለሁ። እውነተኛ ወሯን ልትነግረኝ አትችልም ነበር።

ቅዳሜ ጥቅምት 9 ቀን 1967፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ መጣች። ፊቷ ከሌላው ቀን ሌላ ሆኗል፤ ዓይኗ ጠብቧል። «እትዬ፣ ራሴን ሊሰነጥቀኝ ነው። ዓይኔ ላይ እሳት ብልጭ ብልጭ ይልብኛል» አለችኝ። ወደ ሰርቪሱ መለስኳትና በጎኗ ላስተኛት ብዬ ሆዷን ደገፍኩ። ከጎድን አጥንቷ ሥር ተረከዝ መዳፌን መታኝ። ያን ምት አውቀዋለሁ። የማዳም ናይር የስምንተኛ ወር ምት ነው።

«ስንት ወርሽ ነው?» አልኳት።

ዓይኗን ጨፈነች።

«ብሩክታይት፣ ልኩን ንገሪኝ።»

«ይቅር በዪኝ እትዬ» አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ወር የቀነሰች ሴት ይቅርታ አትለምንም። ከጥቅምት ወደ ኋላ ስምንት ጣት አጠፍኩ። የካቲት ላይ አረፍኩ። እናቴ ጥር ላይ ሞታብኝ ሰላሌ ሄጄ ነበር። አርባዋን እስካወጣ፣ በዚያ ላይ ከተማው በአድማ ታምሶ መኪና ሲጠፋ፣ ቤቴ የገባሁት የካቲት ካለቀ በኋላ ነው። በዚያ ወር ግቢው ውስጥ የነበሩት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው።

አሁን የምጽፈውን ሁለት ጊዜ አታንብቢው። ፊትና እጅ ሲያብጥ፣ ራስ ምታት ሲጸና፣ ዓይን ላይ ብልጭታ ሲታይ ሁሉን ነገር ትቶ፣ ሳይውሉ ሳያድሩ ሐኪም ቤት መሄድ እንደሚገባ የሚናገር ገጽ መጽሐፉ ውስጥ አለ። ከሁለት ቀን በፊት፣ ሐሙስ ዕለት ገልብጬዋለሁ። «ሳይውሉ ሳያድሩ» የሚለውን ቃል የመረጥኩት ራሴ ነኝ፤ እንግሊዝኛውን በአማርኛ ለማሳመር ብዙ ደክሜበታለሁ።

«በግራ ጎንሽ ተኚ፤ እንዳስተማርኩሽ ቀስ ብለሽ ተንፍሺ፤ ይለቅሻል» አልኳት። ድምፄ ቁጡ አልነበረም። ፀጉሯን ከግንባሯ ላይ ገለል አደረግኩላት። እሷም አመነችኝ፤ ስትተነፍስ እየሰማሁ ወጣሁ።

ወጥቼ የባሌን ሸሚዞች አጠብኩ። ቆሻሻውን ስጨርስ ንጹሑን አወጣሁና አጠብኩ። አንገትጌውን፣ እጅጌውን

ልጄ፣ አሁን ቀና ስል ሰዓቱን አየሁት። አምስት ተኩል ሆኗል። ስልኩን ከዘጋሽው ሁለት ሰዓት አልፎታል፤ አንቺን ራስሽን እያመመሽ እኔ እዚህ ተቀምጬ ቃል እመርጣለሁ። ያን ቀንም ያደረግኩት ይህንኑ ነው። ልብሱ በወረቀት ተለወጠ እንጂ።

ተነሣሁ።


ረቡዕ፣ ጥቅምት 25 ቀን
ሐኪም ቤት ግቢ ውስጥ

ልጄ፣ የሰኞውን ወረቀት ሳልጨርስ ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ነበር የመጣሁት። ያለሽበትን ክፍል መስኮት ከዚህ ሆኜ አየዋለሁ፤ መጋረጃው ወርዷል። ብርሃን እንዳይወጋሽ ነው አሉኝ። ከባልሽ በቀር ሰው አይገባም።

ሰኞ ስለሆነው ምን ያህል እንደምታስታውሺ አላውቅም። ከገርጂው ታክሲ ወርጄ ስሮጥ ጫማዬ ተበጠሰ። በሩን ከፍቼ ስገባ ምንጣፉ ላይ በግራ ጎንሽ ተኝተሽ፣ ዓይንሽን ጨፍነሽ፣ በአፍንጫሽ እያስገባሽ በአፍሽ ቀስ ብለሽ ታወጪ ነበር። ልክ እንደሷ። «እማዬ፣ አንዴ ቆይ፣ ሊለቀኝ ነው» አልሽኝ። ክንድሽን ይዤ ጎተትኩሽ። በሕይወቴ እንዲህ ጎትቼሽ አላውቅም። «አበድሽ እንዴ?» አልሽኝ። አዎ አልኩሽ። ታክሲ ውስጥ አኩርፈሽ ፊትሽን አዞርሽብኝ፤ ከዚያ ደግሞ ሾፌሩ መብራት ለምን እንደሚያበራብሽ ጠየቅሽኝ። መብራት አልበራም ነበር።

ነርሷ ግፊትሽን ለካች። እንደገና ለካች። ተነሥታ ወጣች፤ ከዶክተሩ ጋር ተመለሰች። ዶክተሩ ካርድሽን ገለጠና «እናቷ በተስቦ ነው የሞቱት ይላል፤ እርስዎ ምኗ ነዎት?» አለኝ። ተጠርቶ የመጣው ኢዮስያስ ከጎኔ ቆሟል።

«አሳድጌያታለሁ» አልኩት። «እናቷ በተስቦ አልሞተችም። እሷን አርግዛ በስምንተኛ ወሯ ፊቷ አበጠ፣ ራሷን አመማት፣ ዓይኗ ላይ ብልጭ አለባት። አንዘፈዘፋትና ሞተች።»

ዶክተሩ ብዕሩን አንሥቶ ተስቦ የሚለውን ሰረዘ። «ይህን ቀደም ብለን ብናውቅ ኖሮ በየሳምንቱ እንለካት ነበር። በእናት የታየ በልጅም ሊመጣ ይችላል» አለኝ። አልተቆጣኝም። ኢዮስያስ ግን ከዚያ ሰዓት ወዲህ አጠገቤ አይቀመጥም።

ያልጨረስኩትን ልጨርስልሽ። ያን ቅዳሜ እስከ ሰባት ሰዓት ድረስ ሳጥብ ቆየሁ። ከሰርቪሱ ግድግዳ ላይ ድብድብ የሚል ድምፅ የሰማችው ወለተማርያም ናት፤ ከአጥሯ ማዶ ሆና። እኔ ቅርቤ ሆኖ አልሰማሁም ብያለሁ። ሰምቼ እንደሆነ አሁን ራሴም አላውቀውም። ስንገባ ተረከዟ ግድግዳውን ይመታ ነበር፤ ምላሷን ነክሳው ደም በደም ሆናለች። ሐኪም ቤት አደረስናት። «ራስ ምታቱ መቼ ጀመራት?» ሲሉኝ «አሁን» አልኩ። አንቺን በኦፕራሲዮን አወጡሽ። እሷ አልነቃችም፤ በሦስተኛው ቀን አረፈች። ሰው ሲጠይቅ ተስቦ ነው አልኩ፤ ያን ሰሞን በሰፈሩ ተስቦ ገብቶ ስለነበር ማንም ሁለተኛ አልጠየቀኝም። ወለተማርያም ያየችውን አይታለች፤ ግን የሟች ነገር አይነሣም ብላ ነው መሰለኝ፣ እስከዛሬ አንድ ቀን አላነሣችብኝም።

ጋሼ ከሥራ ሲመጣ በጨርቅ ተጠቅልለሽ ክንዴ ላይ ነበርሽ። ተቀበለኝና ፊትሽን ሲያይ ሐኪም ቤቱ ኮሪደር ላይ ቁጭ ብሎ አለቀሰ። ለተከራይ ልጅ እንደዚያ የሚያለቅስ ሰው ሰዎች ቆመው ያዩት ነበር። «እናሳድጋት» አለኝ። «እናሳድጋታለን» አልኩት። ከዚያ በኋላ ስለሷ አልተነጋገርንም። በ1979 ሲታመም ሦስት ጊዜ «አንድ ነገር ልንገርሽ» ብሎ ጀመረ። ሦስቱንም ጊዜ ውሃ ላምጣልህ እያልኩ ተነሣሁ። ቢነግረኝ እኔም ልነግረው ይገባኝ ነበርና። ሳንነጋገር ቀበርኩት።

አንቺን ለመካስ ብዬ አሳደግኩሽ ብልሽ ውሸት ነው። መጀመሪያ ፈርቼ ነው ያነሣሁሽ። በኋላ አንድ ቀን ተኩሶሽ ሌሊቱን ካደርሽ በኋላ ጠዋት «እማዬ» ብለሽ ጠራሽኝ፤ ዞር ብዬ የምትጠሪያትን ሴት ፈለግኩ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሌላ ልጅ ተመኝቼ አላውቅም።

ዛሬ ጠዋት ዶክተሩን በረንዳ ላይ አስቁሜ ዮጋ ይጎዳ እንደሆነ ጠየቅኩት። ሃያ አራት ዓመት ሙሉ እናትሽን የገደላት እግሯን ግድግዳ ላይ ማሰቀሌ ይሆን እያልኩ ኖሬያለሁ። እሱም «አይደለም እናቴ፣ ይህን በሽታ ስፖርቱ አያመጣውም። የሚገድለው ራስ ምታቱን በትንፋሽ አሳልፋለሁ ብሎ ቤት መቀመጥ ነው። ቶሎ ቢደርሱ ብዙዎቹ ይተርፋሉ» አለኝ። አመስግኜው ወደዚህ አግዳሚ ተመለስኩ። ጥፋቱን ከኔ ላይ አንሥቼ የማስቀምጥበት አንድ ቦታ ነበረኝ፤ እሱንም ወሰደብኝ። ወስዶም ደግ አደረገ።

ስለዚህ ከዚህ በሰላም ስትወጪ፣ ሌላም ጊዜ ስታረግዢ፣ ዮጋውን አልከለክልሽም። ወገብሽን ያቀልልሻል፤ ለምጥም ትንፋሽ ያስተምርሻል። ግን ሐኪም ሳያይሽ አትጀምሪ። ለምታስተምርሽ ሴት እውነተኛ ወርሽን ንገሪያት፤ ዓይን ያገኝሻል ብዬ ያስተማርኩሽን ተዪው፣ እኔን ያገኘኝ ዓይን ሳይሆን ያ የተቀነሰው ወር ነው። ሆድሽ ከገፋ በኋላ በጀርባሽ አትቆዪ፤ ትንፋሽሽን አትያዢ፤ ራስሽን ቁልቁል የሚደፋ ነገር አትሞክሪ፤ ስትቆሚ የምትይዢው ነገር አይጥፋ። ደም ካየሽ፣ ካዞረሽ፣ ሆድሽ ከቆረጠሽ፣ ሕፃኑ ዝም ካለብሽ ያን ጊዜውኑ አቁሚ። ራስሽን ሲያምሽና ስታብጪ ግን ትንፋሽ አይደለም መድኃኒቱ፤ ሩጪ። ማንም ደግ ድምፅ ያለው ሰው «ይለቅሻል» ቢልሽ አትመኚው።

ዛሬ ግፊትሽ ትንሽ ወርዷል አሉ። እስከ ዓርብ ከጸና ሕፃኑ ሁለት ሳምንት ይቆይ ይላሉ፤ ካልጸና ዓርብ ይወጣል። እስከዚያ የሚያስደነግጥ ነገር እንዳይነገርሽ ብለውናል። ስለዚህ ይህን ወረቀት አሁን ልሰጥሽ አልችልም። ለራሴ የሰጠሁት ምክንያት እንዳልሆነ እንዲታወቅ ለኢዮስያስ አስረክበዋለሁ፤ ዶክተሩ ፈቀደ ባለ ቀን እሱ ይሰጥሻል። እኔ ዘንድ ቢቀር እንደገና የማጥበው ልብስ አገኛለሁ።

ካነበብሽው በኋላ ልታዪኝ ካልፈለግሽ አልቀየምም፤ ሰው አትላኪብኝ፣ አትጨነቂ። ብቻ ሕፃኑ ሲወለድ ደህና መሆንሽን ለአብዱልገኒ ሱቅ ደውይ። ለሱ ንገሪው፣ እኔን አታስጠሪኝ።

ማርያም ካጠገብሽ አትራቅ። ከሷ የነሣሁትን ሰዓት እግዚአብሔር ላንቺ ይጨምርልሽ። ልጅሽን በገዛ ክንድሽ ታቀፊው።

እማዬ ስትዪኝ የኖርሽው

ትምህርት ቤት ያስገባሁሽ ቀን መዝገብ ያዡ የአባት ስም ሲለኝ የእናትሽን አባት፣ ብርሃኑን ሰጠሁት። የሐኪም ቤቱም ካርድ እንደዚያ ነው የሚለው። ኢዮስያስ ፖስታውን ሲያይ ስሙ ተሳስቷል ይለኛል። አልተሳሳተም እለዋለሁ። ይህ ወረቀት የሚደርሰው

ለወይዘሮ አለም ገብረሃንስ ነው።